ከ«ምንም አይልም» እስከ «ድገሚኝ»

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና አማኑኤልን ያለፈ መንገደኛ ደምበጫ ሲገባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከኋላው ትቷል። ወገቡ ዝሏል፣ ዓይኑ ከብዷል፤ የሚያምረው ቡና ብቻ ነው። ሾፌሩ «አሥር ደቂቃ!» ብሎ ሲያቆም በአንድ በኩል ቄጠማ የተጎዘጎዘባቸው የጀበና ቡና ቦታዎች፣ በሌላ በኩል ማሽኑ የሚያፏጭ ካፌ፣ ፈንጠር ብሎ ደግሞ በረንዳ ያለው ሆቴል ይታየዋል። አሥር ደቂቃ ሦስቱንም ለመሞከር አትበቃም። አንዱን መምረጥ አለበት።

የከተማው ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም። የትኛዋ ቡና አፍይ ቡናዋን እንደማታሳርር፣ የትኛው ቤት ወተቱ ትኩስ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ሲኒው በደንብ እንደሚታጠብ በልምድ ያውቀዋል። ደግሞም እሱ ቦታ የሚመርጠው በቡናው ብቻ አይደለም። ወዳጁ የሚቀመጥበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ ገንዘብ ባይኖረው በዱቤ የሚጠጣበት ቦታ አለው። ለእሱ ቁጥርም ኮከብም ትርፍ ነገር ነው።

ስለዚህ የቡናና የካፌ ደረጃ ለማውጣት የሚነሣ ሰው፣ ኮከብ ይሻላል ወይስ ከመቶ ብሎ ከመጨነቁ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ደረጃው የሚወጣው ለማን ነው? የከተማው ነዋሪ፣ ለአሥር ደቂቃ የቆመው መንገደኛ፣ ቡና የሚገዛው ነጋዴ፣ ቡናውን የሚያፈላው ባለቤት ሁሉም የሚፈልጉት መልስ የተለያየ ነው። አንድ ቁጥር ለሁሉም ልስጥ ሲል ለማንም የማይጠቅም ይሆናል።

ከዚህ በፊት ይህን ጥያቄ በቀጥታ የመለሱት የጎማ ነጋዴዎች ናቸው። አንድሬና ኤዱዋር ሚሽላን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1900 እ.ኤ.አ. ለሾፌሮች የሚታደል የጉዞ መምሪያ አሳተሙ። በመላ ፈረንሳይ የነበረው መኪና ገና 3,000 አልሞላም ነበር። ሰው መኪና ይዞ ብዙ ከተጓዘ ጎማው ያልቃል፣ ጎማው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ይገዛል፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመሩ፤ በ1931 ኮከቡን ሦስት ደረጃ አደረጉት፤ በ1936 ደግሞ የእያንዳንዱን ትርጉም አስታወቁ። አንድ ኮከብ ያለው በዓይነቱ ጥሩ የሆነ ቤት ነው። ሁለት ኮከብ ያለው ከመንገድ ወጣ ብሎ ቢሄዱለት የማያስቆጭ ነው። ሦስት ኮከብ ያለው ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚነሡለት ነው።

ልብ ብሎ ላየው ይህ ሚዛን ጣዕምን የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው። «ምን ያህል ይጣፍጣል?» አይልም፤ «ለዚህ ስትል ምን ያህል ትንከራተታለህ?» ይላል። ጥያቄው ቀላል፣ መልሱም የማያሻማ ነው። ሚሽላን ዛሬ በዓለም የታወቀበት ኮከብ ከእንዲህ ያለ የሾፌር ጥያቄ መነሣቱ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ለተቀመጠች እንደ ደምበጫ ላለች ከተማ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ቡናን በተመለከተ ግን በዓለም ላይ የሠለጠነው ሚዛን ሌላ ነው፤ ከመቶ የሚሰጥ ነጥብ። ይህ ልማድ ከወይን ጠጅ የተዋሰ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር በ1978 እ.ኤ.አ. በጀመረው የወይን ጠጅ መጽሔት ላይ ከ50 ተነሥቶ እስከ 100 የሚደርስ ነጥብ ይሰጥ ነበር። በ1997 ደግሞ ኬኔት ዴቪድስ ኮፊ ሪቪው በተባለ የቡና ግምገማ ድረ ገጽ አማካይነት ያንኑ ከመቶ የመስጠት ልማድ ለተቆላ ቡና አመጣው። የባለሙያ ቀማሾች ማኅበራትም ባለ አሥር ረድፍ ቅጽ አዘጋጁ፤ መዓዛ፣ ጣዕም፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ላይ የሚቆየው፣ አሲድነት፣ ውፍረት፣ ሚዛናዊነት፣ ወጥነት፣ ንጽሕና፣ ጣፋጭነትና የቀማሹ አጠቃላይ አስተያየት። እያንዳንዱ ከአሥር ይታሰባል። ድምሩ 80ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቡናው «ልዩ ጣዕም ያለው» ይባላል።

ቅምሻው እንደ ሥርዓት ነው የሚካሄደው። ቡናው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ 8.25 ግራም ዱቄት ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይለካል፤ ውሃው ወደ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይፈስሳል። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይዘጋጃል። ቀማሹ በማንኪያ እያነሣ በኃይል ይስባል፤ ቀምሶም ይተፋዋል። ሲኒው ላይ የቡናው ባለቤት ስም የለም፤ ያለው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። አምስት ሲኒ የሚቀርበው ለትርፍ አይደለም። አንዱ ሲኒ አፈር አፈር ቢል፣ አራቱ ደህና ቢሆኑ፣ ያ አንድ ሲኒ በወጥነትና በንጽሕና ረድፍ ነጥብ ያስቀንሳል። ይህች የአምስት ሲኒ ነገር ለካፌ ገምጋሚም ታስፈልገዋለችና ኋላ እንመለስባታለን።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሚዛን የሰው ሕይወት ለውጧል። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በብራዚል የተጀመረው የቡና ውድድር በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ሲካሄድ 1,459 ናሙና ቀረበ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የንጉሤ ገመዳ ቡና 91.04 አገኘ። በጨረታው አንዱ ፓውንድ በ407 ዶላር ተሸጠ፤ ወደ ኪሎ ሲመለስ 900 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ለተራው ጠጪ ከነጥብ ኋላ የምትመጣው 0.04 ምንም አትመስልም፤ በጨረታ አዳራሽ ግን ደረጃ የሚለያየው በእንዲህ ያለች ሽርፍራፊ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የቡና ግብይት ወደ እሱ ሲዛወር ደረጃ ማውጣትን የሥራው እምብርት አደረገው። ከመቶው 40 የሚሆነው ለጥሬው ፍሬ ይሰጣል፤ 60 የሚሆነው ለሲኒው ጣዕም። ሻጭና ገዥ ሳይተያዩ እንዲገበያዩ ያስቻለው ይህ ነው። ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል። ለዓመታት አንድ ዓይነት አካባቢና አንድ ዓይነት ደረጃ ያለው ቡና በአንድ መጋዘን ስለሚቀላቀል ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደመጣ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። ደረጃው ታወቀ፣ የገበሬው ስም ግን ጠፋ። ማንኛውም ደረጃ እንዲህ ነው፤ አንዱን ነገር አጉልቶ ሲያሳይ ሌላውን ይሸፍናል። የሚሸፍነው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ የመራጩ ሥራ ነው።

ታዲያ ይህን የመቶ ነጥብ ወደ ደምበጫ ጀበና ይዞ መምጣት ይቻላል? አይሆንም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ነጥቡ የተሠራው ለፍሬው ነው። የአበባና የሎሚ መዓዛ ያለው 90 ነጥብ ያገኘ ቡና በብረት ምጣድ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ከተቆላ መዓዛው ይሸሻል፤ በምትኩ የአቆላሉ ጣዕም ይመጣል። ጀበና ውስጥ ሲንተከተክ ደግሞ ሌላ ይሆናል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ጠጪው የፈለገው ይህንኑ ወፍራም፣ መረር ያለ፣ ከአፍ ቶሎ የማይጠፋ ቡና ነው። በዚያ ላይ ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ለረዥም ጊዜ ሲከለክል ኖሯል። አገሪቱ ከምታመርተው ግማሽ ያህሉን ራሷ ብትጠጣም፣ ለአገሬው ሲኒ ሲደርስ የኖረው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ከወጪ ንግድ የተረፈው ነው። ከዚያ ፍሬ ጥሩ ቡና የምታፈላ ሴት ጥበቧ በመልቀሙ፣ በመቁላቱና በማስከኑ ነው። የቀማሾቹ ቅጽ ይህን ጥበብ የሚያኖርበት ረድፍ የለውም። ጤና አዳም የገባበት ሲኒ ቢቀርብለትማ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል፤ ለጎጃም ሰው ግን ጤና አዳም ያላት ቡና የቤቱ ጠረን ናት።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ሌላ ነገር ይናገራል። እኛ ከመቶ የምናውቀው ከትምህርት ቤት ነው። 50 ማለፊያ ነው፣ 80 ያመጣ ልጅ ይመሰገናል። በቀማሾች ዘንድ ግን 80 ደጃፍ ነው፤ 79 ያገኘ ቡና ከደጃፉ ውጭ ቀርቷል። አንድ መጽሔት የካፌን ማኪያቶ «75» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው «ጎበዝ!» ይላል፤ ባለሙያው ደግሞ ያዝናል።

ሦስተኛው ምክንያት የሰው ምላስ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ መስፈርት ብቻ ሲመዝን ሳይሳሳት ሊለያቸው የሚችላቸው ደረጃዎች ሰባት ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ዓመታት የሠለጠነ ቀማሽ ከዚህ ያልፋል፤ እሱም ቢሆን ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዓይነት ቡና እየቀመሰ ምላሱን በየጊዜው ማስተካከል አለበት። ያልሠለጠነ ገምጋሚ 83ንና 84ን እለያለሁ ካለ ራሱንም አንባቢውንም ያታልላል።

የቀማሾቹ ዓለም ራሱ ከባለ አሥር ረድፉ አሮጌ ቅጽ እየወጣ ነው። ዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቀው አዲስ ሥርዓት አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ «ቡናው ምን ይመስላል?» እና «ወደድኩት ወይ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ ቅጽ ሰጣቸው። አንዱ ገላጭ ነው፤ የሎሚ ጠረን አለው፣ ወፍራም ነው፣ ይጎመዝዛል። ሌላው የውዴታ ነው፤ ከ1 እስከ 9 ይመዘናል። ቀድሞ ግን ሁለቱ ተደባልቀው ስለሚደመሩ፣ ጎምዛዛ ቡና የሚወድ ቀማሽና የማይወድ ቀማሽ የሚሰጡት ነጥብ ተምታትቶ ይወጣ ነበር። ለተራ ገምጋሚ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። «ቡናው ወፍራም ነው፣ ጤና አዳም አለው፣ ስኳር ሳይጠየቅ ይገባበታል» ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ «ጥሩ ነው» ብሎ መፍረድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው አጻጻፍ ቡና ያለ ስኳር ለሚጠጣ ሰውም ይጠቅመዋል።

እንዲሁ ቡናና ቤትም መለያየት አለባቸው። ደምበጫ ውስጥ ቡናው ግሩም የሆነ፣ መጸዳጃ ቤት የሌለው ቦታ ይኖራል እንበል። ቡናው 5፣ መጸዳጃው 1፤ አማካዩ 3። ከጎኑ ሁሉም ነገሩ መካከለኛ የሆነ ካፌ አለ፤ 3ና 3፣ አማካዩም 3። ሁለቱ በወረቀት ላይ እኩል ሆኑ፤ በሕይወት ውስጥ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ቡና ፈላጊው ወደ አንደኛው፣ ሕፃን ይዛ የምትጓዝ እናት ወደ ሁለተኛው መሄድ ነበረባቸው። አማካዩ ሁለቱንም አሳሳታቸው።

የቶሞካ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በ1953 እ.ኤ.አ. ፒያሳ ላይ የተከፈተው ይህ ቤት በአዲስ አበባ ስለ ቡና ሲወራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ደንበኞቹ ግን ለአሥርተ ዓመታት ቡናቸውን የጠጡት ከፍ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመው ነው። ወንበርን፣ ስፋትንና ምቾትን እየቆጠረ ከቡናው ጋር የሚደምር ሚዛን ቶሞካን ከአንድ ባዶ ሰፊ አዳራሽ በታች ያስቀምጠው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ስሙም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «ቡና ቤት» የሚለው ቃል በአማርኛ ከቡና ይልቅ ቢራን ማሳሰብ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ ገምጋሚው የሚመዝነውን ነገር ለይቶ መጥራት አለበት። ጀበና ቡና፣ ካፌና ሆቴል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሚሽላን «በዓይነቱ» ያለው በከንቱ አይደለም። በአንድ ከሰል ምድጃና በስድስት ትንንሽ በርጩማ የምትሠራን ሴት በረንዳ ካለው ሆቴል ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ለሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ይሉኝታ።

ቡና አፍልታ፣ ቆሎ ዘርግታ፣ ሲኒውን በሁለት እጇ ለሰጠች ሴት «ቡናሽ አልጣመኝም» የሚል ሰው በጎጃም ማግኘት ይቸግራል። «እንዴት ነው ቡናው?» ሲባል መልሱ «ቆንጆ ነው» ነው። ቡናው ቢቀጥንም ቆንጆ ነው፣ ቢያርርም ቆንጆ ነው። ይህን ልማድ ኮከብ ወደሚሰጥበት ስልክ ብንወስደው የሚሆነው ግልጽ ነው፤ ሁሉም አምስት ይሰጣል። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ዩቲዩብ በ2009 እ.ኤ.አ. ተመልካቾች ለቪዲዮዎች የሚሰጡትን ኮከብ ሲመረምር እጅግ የሚበዛው አምስት ሆኖ አገኘው፤ በመካከል ያሉት ደረጃዎች የሚነካቸው አጥተው ነበር። በዓመቱ ኮከቡን ትቶ ወደ አውራ ጣት ዞረ። ኔትፍሊክስም በ2017 ተከተለው። ሰው ደስ ሲለው አምስት፣ ሲናደድ አንድ ይሰጣል፤ ሲሰለቸው ዝም ይላል።

አማርኛ ግን በይሉኝታው መካከል የራሱ ረቂቅ ሚዛን አለው። «ደህና ነው» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ብዙም አላስደሰተኝም ማለት ነው። «ምንም አይልም» ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጥቼዋለሁ፣ ዳግመኛ ግን አልፈልገውም እንደማለት። ወዳጅ ለወዳጁ በስተኋላ ሲናገር ደግሞ ቃሉ ይሰላል፤ «እጣቢ ነው»፣ «አሮባታል»፣ «ሳይሰክን ነው የቀዳችው»። የሚጣፍጥ ከሆነ ግን ምስጋና አያስፈልገውም፤ ጠጪው ሲኒውን መልሶ ይዘረጋል፣ «ድገሚኝ» ይላል።

ከሁሉ የታመነው ድምፅ ይህ ነው። «ቆንጆ ነው» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ «ድገሚኝ» ግን በጀበና ቡና ቦታ የሁለተኛ ሲኒ ዋጋ ያስከፍላል። ቤት ውስጥ ሲሆን አይሠራም፤ እዚያ አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ስለሆነ ሰው ቶናውንና በረካውን የሚጠብቀው ለክብር ነው። መንገድ ዳር ግን ማንም ማንንም አያስገድድም። ገምጋሚ መጠየቁን ትቶ ለግማሽ ሰዓት ቢቀመጥና ከአሥር ጠጪ ስንቱ እንደደገመ ቢቆጥር፣ መቶ አስተያየት ከመሰብሰብ የተሻለ እውነት ያገኛል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትን ስሞች ለደረጃ መጠሪያ ማድረግ ያጓጓል። ሦስት ናቸው፣ ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ከቡናው ጋር የተወለዱ ናቸው። ቢሆንም ትክክል አይሆንም። በረካ ቀጭን ናት፣ ግን የምርቃት ሲኒ ናት። የመጨረሻውን ደረጃ በረካ ብሎ መጥራት ለምርቃቱ ክብር አለመስጠት ነው፤ ቀጭኑን ቡና አንደኛ ማለት ደግሞ ምላስ አይቀበለውም። እነዚህን ስሞች ቦታቸው ላይ መተው ይሻላል።

በትንሽ ከተማ ሌላም ፈተና አለ፤ የሰጪዎቹ ማነስ። አንድ ካፌ ሦስት ሰው አምስት አምስት ቢሰጠው አማካዩ 5.0 ነው። ሌላው 40 ሰው ሰጥቶት አማካዩ 4.6 ሆነ። ስልኩ የመጀመሪያውን ከላይ ያስቀምጣል። ሦስቱ ሰዎች ግን የባለቤቱ ወንድም፣ እኅትና የአክስት ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። የሒሳብ ሰዎች ለዚህ ያወጡት ዘዴ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቤት የአካባቢውን አማካይ የያዙ አሥር ምናባዊ ድምፆች ይጨመሩለታል። አማካዩ 4 ነው እንበል። የመጀመሪያው ካፌ 15ና 40 ተደምሮ ለ13 ሲካፈል 4.2 ያገኛል። ሁለተኛው 184ና 40 ተደምሮ ለ50 ሲካፈል 4.5 ገደማ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም መዝገብ 250ዎቹን ምርጥ ፊልሞቹን የሚደረድረው በዚሁ ዘዴ ነው።

ለደምበጫ ግን አሥር ምናባዊ ድምፅ ከመጨመር ይልቅ አንድ የታመነ ሰው ደጋግሞ ቢሄድ ይበልጣል። የአምስቱ ሲኒ ትምህርት እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን የተጠጣ ቡና ስለዚያ ቀን ብቻ ይመሰክራል። ረቡዕ ወይም ዓርብ የሄደ ገምጋሚ አብዛኛው ሰው ጾመኛ ስለሆነ ማኪያቶ የሚያዝ ብዙም አያገኝም፤ የዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የወተቱ ነገር ለሳምንታት ይረሳል። በዚያ ሰሞን «ማኪያቶው ደካማ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው የቤቱን ሥራ አላየም። መብራት የጠፋ ቀን የሄደ ደግሞ ማሽኑን ዝም ብሎ ያገኘዋል፤ ከሰል ላይ ያለችው ጀበና ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። መብራት ሲጠፋ ቡና ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ በየትኛውም የውጭ አገር ቅጽ ላይ የለም፤ በእኛ ቅጽ ግን ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች አንዱ ሊሆን ይገባል። ማለዳና ከሰዓት፣ የገበያ ቀንና ተራ ቀን፣ ጾምና ፍስክ፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይሄዱ መጻፍ አይገባም።

ቡናው የሚከተለው ቤቱን ሳይሆን እጁን መሆኑም አይዘነጋ። ቡና አፍይዋ ከተለወጠች ቡናውም ይለወጣል፤ ማሽን ላይ ያለው ልጅ ወደ ባሕር ዳር ከሄደ ማኪያቶውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ደረጃው የተጻፈበት ቀን ከጎኑ መቀመጥ አለበት። ዓመት ያለፈው ግምገማ ታሪክ እንጂ ምክር አይደለም።

የገምጋሚው ኪስም ጉዳይ ነው። ለቡናው ራሱ መክፈል ይኖርበታል። ይህ በጽሑፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደጋግሞ የመጣን እንግዳ «የዛሬው በእኔ ነው» ማለት የአገሩ ጨዋነት ነው። ግብዣውን በአክብሮት ተቀብሎ፣ ያን ቀን ማስታወሻ አለመያዝ አንዱ መውጫ ነው።

የኃላፊነቱን ክብደት የሚያሳይ ጥናት አለ። የሃርቫርዱ ማይክል ሉካ በ2011 እ.ኤ.አ. በሲያትል ከተማ ምግብ ቤቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የልፕ በተባለው የአስተያየት መድረክ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ከ5 እስከ 9 በመቶ የገቢ ዕድገት እንደሚያመጣ አሳይቷል፤ ያውም በየቦታው ቅርንጫፍ በሌላቸው፣ ራሳቸውን በቻሉ ቤቶች ላይ። በአንድ ጀበና ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት 9 በመቶ ማለት የወተትና የደብተር ገንዘብ ነው። ኮከቡ ሲቀንስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ማተም ከነጭራሹ ባይኖር ይመረጣል። ሚሽላንም የሚዘረዝረው የሚመክራቸውን ብቻ ነው፤ ያልተጠቀሰው ስላልተጠቀሰ ብቻ አይሰደብም። ሲኒው ካልታጠበ፣ ውሃው ካልፈላ፣ ያ የጤና ነገር ነውና ለባለቤቷ ፊት ለፊት መንገር ይገባል። የቀጠነን ቡና ግን በአደባባይ ማዋረድ ለማንም አይጠቅምም።

እንግዲህ ለአውራ ጎዳና ከተማ የሚስማማው ሚዛን ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው፣ በቃል የተጻፈ፣ ቡናውን ከቤቱ የለየ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ «መኪናው ከቆመ አይቅርብህ»። ሁለተኛው «ሾፌሩን አቁምልኝ በለው»። ሦስተኛው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም ለእሱ ብለው የሚመጡበት፣ «ለእሱ ብለህ ና»። ሦስተኛውን የሚያገኝ ቦታ በአንድ ከተማ ላይኖርም ይችላል፤ ባዶ ቢሆን ምንም ነውር የለውም። ከደረጃው በታች ጥቂት መስመር መግለጫ ይከተላል። ስለ ቡናው ለብቻ፣ ስለ ቦታው ለብቻ፣ ፍርዱ ሳይጨመርበት።

ሁለት ሦስት ወዳጆች ይህን ሥራ አብረው ቢጀምሩ የመጀመሪያ ቀናቸውን በግምገማ አያሳልፉት። አንድ ጀበና ዙሪያ ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ የየራሳቸውን ደረጃ ጽፈው፣ ከዚያ ወረቀታቸውን ይገላልጡ። አንዱ «ወፍራም» ያለውን ሌላው «የከበደ» ብሎት ከሆነ ቃሉን ይስማሙበት። ቀማሾችም ከውድድር በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚወጣው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

«ጀበና ቡና፤ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከዋርካው ሥር። የታየው ሦስት ጊዜ፤ ማክሰኞ ማለዳ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሜ በገበያ። ቡናው ወፍራም፣ ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ ያላረረ፤ ሰክኖ ይቀዳል። ጤና አዳም አለ፣ ስኳር ለብቻው ይመጣል። ቆሎ አለ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። መጸዳጃ የለም፤ ማዶ ያለው ሆቴል ያስገባል። መቀመጫው ስድስት፣ ጥላው እስከ ቀትር። ቅዳሜ ከተቀመጡት አሥር ሰዎች ሰባቱ ደገሙ። ደረጃ፦ ሾፌሩን አቁምልኝ በለው።»